ትኬት የሌላት ፍየል

ጥቅምት 6 ቀን

ለተከበሩ አባቴ፣

ይህ ደብዳቤ ጉልበትዎ ሻል ብሎት፣ ደረጃውን መሃል ላይ ሳያርፉ የሚወጡ ሆነው ያግኝዎ። እኔ ደህና ነኝ። ከእጄ መሰነጣጠቅ በቀር የሚያስከፋኝ የለም፤ እሱም የሳሙናው ነው።

ደብዳቤውን የሚያደርስልዎት ሰው አብሮኝ የሚሰራ ነው። አራት መጻሕፍትም ይሰጥዎታል። በእኛው ቋንቋ የታተሙ የልጆች የስዕል መጻሕፍት ናቸው፤ እነሱን ለማግኘት ስንት ቦታ እንደዞርኩ አልነግርዎትም። ለልጄ፣ ለፌንጣዬ ናቸው።

ለምን እንደላክኋቸው ላስረዳዎት። እቃ የማጥብበት መዋዕለ ሕፃናት፣ ከወጥ ቤቱ ወደ ክፍሉ ምግብ የምናቀብልበት መስኮት አለው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መምህርቷ ልጆቹን ምንጣፍ ላይ ሰብስባ መጽሐፍ ታነባለች፤ እኔ ሳህን እያደራረቅሁ አያታለሁ። መጀመሪያ ስራ የፈታች ነበር የመሰለችኝ። አሁን ግን ገብቶኛል። ጣቷን ከቃሉ ስር እያስኬደች ታነባለች። የመጨረሻዋ ቃል ላይ ስትደርስ ዝም ትላለች፤ ልጆቹ ይሞሉታል። ገጹን ከመግለጧ በፊት “አሁን ምን የሚሆን ይመስላችኋል?” ትላለች፤ ያን ጊዜ ክፍሉ ይናጋል። በዓመቱ መጨረሻ እነዚያው ልጆች ራሳቸው መጽሐፍ ይዘው ይቀመጣሉ።

አባቴ፣ በቀን ሩብ ሰዓት ብቻ እንዲህ ያንብቡላት። ፊደሉ ይደርሳል። ሦስት ዓመቷ ላይ ትቻት መጥቼ ስድስት ልትሞላ ነው፤ እኔ ላነብላት አልችልም።

ልጅዎ


ኅዳር 19 ቀን

ለልጄ፣

ባለሽበት ጤና ይስጥሽ፤ የሚያዝዝሽም ሰው ፊቱን የማያጠቁርብሽ ይሁን። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ እንደፈቀደው ነው።

መጻሕፍቱ ደርሰዋል። ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የእርሳስ ፊደል እየለቀመ ገጽ የደረደረ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ሲያይ የሚሰማውን እንዴት ብዬ ልንገርሽ? በአንድ ገጽ ዘጠኝ ቃል! የቀረውን ቦታ ሥዕል ወርሶታል። በዘጠኙ ቃል ውስጥ ደግሞ ስሕተት። “ሥዕል”ን በንጉሡ ሠ ማተም ሲገባቸው በእሳቱ ሰ አትመውታል። “ዐይን” በአልፋው አ ነው የተጻፈው። በሦስተኛው መጽሐፍ አንድ አራት ነጥብ ስለ ጠፋ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ተጋጭተው ቆመዋል። ሁሉንም በቀይ ብዕር አርሜያቸዋለሁ። የአሳታሚዎቹን አድራሻ ካገኘሽ ላኪልኝ፤ እጽፍላቸዋለሁ።

በንባቡ በኩል ያልሽውን ከምሳ በኋላ እያደረግሁ ነው። ልጅቷ ግን አታነብም፤ ሥዕል ታያለች። “አባባ፣ ፍየሏ ጫማዋን የት ጣለችው? የሹፌሩ ሆድ ለምን እንዲህ ሆነ?” ትላለች። ስለ ትኬት የሌላት ፍየል የሚያወራውን አንዱን መጽሐፍ ባለፈው ማክሰኞ ዘቅዝቃ ይዛ ከዳር እስከ ዳር “አነበበችው”። አንድ ቃል አልሳተችም። ፊደል ግን አንድ አታውቅም፤ ሸምድዳው ነው። ይህ ማታለል ነው። ዛሬ ዝም ካልኳት ነገ ይለምድባታል። ስለዚህ ከጫማ ካርቶን ቆርጬ ሥዕሉን የሚሸፍን ነገር አበጀሁ፤ ከታች በኩል ቃሉ ብቻ የሚታይበት ቀዳዳ አለው።

ሰው ስታገኚ ትልቅ የፊደል ገበታ ላኪልኝ። ሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት መስከረም ላይ ሲመዘግብ ይፈትናል፤ ፊደል ያልለየ ልጅ አይወስድም። ሌላው ትምህርት ቤት ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ነው።

አባትሽ


ጥር 3 ቀን

ለተከበሩ አባቴ፣

ጤናዎን እየተመኘሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ብርዱ እንዳይጎዳዎት ያንን ወፍራም ሹራብ ይልበሱ፤ ለእንግዳ ተብሎ የሚቀመጥ ሹራብ የለም።

ባለፈው እሁድ በጎረቤታችን በልብስ ሰፊዋ ስልክ ስደውል እርስዎ አልነበሩም፤ ፌንጣን አገናኘችኝ። “እማዬ ላንብብልሽ?” አለችኝና ያለ መጽሐፍ ጀመረች። “ፍየሏ አውቶቡስ ላይ ወጣች አራት ነጥብ። ትኬት ግን የላትም አራት ነጥብ። ሹፌሩ ውረጂ አላት ቃለ አጋኖ። አልወርድም አለች ፍየሏ ቃለ አጋኖ!”

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳቁ ተወኝ። አባቴ፣ ነጥቡን ሁሉ እየጠሩ ነው እንዴ የሚያነቡላት?

ዘቅዝቃ ማንበቧን ለመምህርቷ ነገርኳት። “ታድለሽ!” ነው ያለችኝ። እንደ እሷ አባባል፣ ልጁ መጽሐፍ መጀመሪያና መጨረሻ እንዳለው፣ ቃሉ ትናንትም ዛሬም አንድ መሆኑን ካወቀ ትልቁን ነገር አውቋል። መሸምደዷ ማታለል አይደለም፤ መንገዱ በዚያ ነው የሚያልፈው። ስዕሉም ጌጥ አይደለም፤ ገና ማንበብ የማትችለውን የምትይዝበት እጀታዋ ነው። እርስዎ እጀታውን በካርቶን ሸፈኑባት።

እባክዎን ካርቶኑን ያንሱልኝ። ቀይ ብዕሩንም ይተዉት፤ የልጅ መጽሐፍ ነው እንጂ ለማረሚያ የመጣ ገጽ አይደለም። የፊደል ገበታውን አልላክሁም፤ የምልከው ካርቶኑ ሲነሳ ነው።

ደግሞም ሳልናገረው አላልፍም። ሦስት ገጽ ጻፉልኝ፤ ስለ እሳቱ ሰ አንድ አንቀጽ አለበት። ልጄ ቁመቷ ጨምሯል? ጥርሷ ወልቋል? ይህን ከማን ልስማ?

ልጅዎ


መጋቢት 15 ቀን

ለልጄ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኛ አለን።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። ልመልስ ስል እጄ አልታዘዝ እያለኝ ነው የዘገየሁት። አርባ የሚሆኑ ለማጅ ልጆችን ፊደል ያስለየሁ ሰው ነኝ። ከእነሱ መካከል ዛሬ የማተሚያ ቤት አለቃ የሆነ አለ። አሁን ደግሞ በወጥ ቤት መስኮት ያየችውን ይዛ ልጄ ልታስተምረኝ ተነሣች። ይሁን።

ጥርሷ ወልቋል፤ ሁለት ከላይ። ቁመቷ የበሩን እጀታ አልፏል።

መጽሐፍ ግን አታስነካኝም። ካርቶኑን ገና ሳነሣ ከወንበሩ ሥር ትገባለች። “ውጪ” ስላት “አልወርድም!” ትለኛለች። መውጣትና መውረድ አንድ ሆነውባታል። የፍየሏም መጽሐፍ ከቤት ጠፍቷል፤ የት እንዳደረገችው አትነግረኝም። ልብስ ሰፊዋ “አስፈራርተሃት ነው” አለችኝ። እሷን ማን ጠየቃት?

ሌላ የሥዕል መጽሐፍ እንዳትልኪ። የፊደል ገበታውን ራሴ በካርቶን ላይ እሠራለሁ፤ የጠየቅሁት ቀርቶብኛል።

በክረምት እመጣለሁ ብለሽ ነበር። ቁርጡን ንገሪኝ። ልጅቷ ትጠይቀኛለች፤ እኔ ደግሞ ያልጨበጥሁትን ነገር ለልጅ መናገር አልወድም።

አባትሽ


ሚያዝያ 20 ቀን

አባቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ቀደድኳቸው፤ ይህ አራተኛው ነው። አሁንም ሳልቀደው ፖስታ ቤት እንዲደርስ በምሳ ሰዓቴ ቆሜ ነው የምጽፈው።

“ከወንበሩ ስር ትገባለች” የሚለውን ሳነብ ደጋግሜ አነበብኩት። እኔም እገባ ነበር። የእናቴ መተኮሻ ጠረጴዛ ስር። የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጸን ጨ ስለው ማስመሪያው ይነሳል። ሊመቱኝ ሲሉ ይታወቀኝ ነበር፤ መጀመሪያ መነጽርዎን ያወልቁ ነበርና። አልጠሉኝም። ቀኑን ሙሉ ቆመው ውለው፣ እግርዎ አብጦ፣ እኔ ከሰው እንዳላንስ ብለው ነው። ይህን ዛሬ አውቀዋለሁ፤ ያኔ ግን ጣቴ አያውቀውም ነበር። ፊደሉን ያዝኩት፤ መጽሐፉን ፈራሁት። ለፈተና ካልሆነ በቀር አንድ መጽሐፍ ገልጬ አላውቅም። ዛሬም ከመስሪያ ቤት ወረቀት ሲመጣልኝ ሳላስበው እጄ ይጨበጣል።

ወድጄው እስከ መጨረሻው ያነበብኩት የመጀመሪያ መጽሐፍ የፍየሏ ነው። ልልክልዎት ከመጠቅለሌ በፊት አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። የማተሚያ ቤት ሰው ልጅ ነኝ።

ስለ ክረምቱ፦ አልመጣም። የመኖሪያ ወረቀቴ አላለቀም፤ ከወጣሁ ተመልሼ አያስገቡኝም። ይህን ያወቅሁት በጥር ነው። ልጽፍልዎት አቅቶኝ ስለ ሹራብና ስለ ካርቶን ጻፍኩ። እንዲህ እርስዎ ላይ የጫንኩት እኔ ልሰራው የሚገባኝን ነው። ገብቶኛል። ቢሆንም ካርቶኑን ያንሱት።

ልጅዎ


ግንቦት 28 ቀን

ለልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ። እጅሽን ቅባት ቀቢው፤ ልብስ ሰፊዋ የሚሻል አለ ብላ ይኸውና ከደብዳቤው ጋር ልካለች።

ስለ ማስመሪያው ጽፈሻል። አስታውሳለሁ። አላስታውስም ብል ይቀለኝ ነበር። መነጽሩን ግን አወልቅ እንደነበር ራሴም አላውቅም ነበር። ይቅር በይኝ።

ካርቶኑን ቀድጄ ጣልኩት። ፌንጣ አየችኝ፤ ግን አላመነችኝም። ወደ እኔ አልመጣችም። ሦስት ሳምንት ያህል እንዲሁ እንደተያየን ቆየን።

ከዚያ አንድ ቀን ሱሪዬን ላሳጥር ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ወረድሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ድምፅ ሰማሁ። ፌንጣ የጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጣለች፤ የጠፋው መጽሐፍ ጭኗ ላይ ነው። ለካ ከጨርቁ ሥር ነበር የምትደብቀው። ልብስ ሰፊዋ ቁልፍ እየተከለች “እሺ፣ አሁን ምን ይሆናል?” ትላለች። ፌንጣ ሹፌሩን በወፍራም ድምፅ፣ ፍየሏን በቀጭን ድምፅ ታስኬዳለች። አራት ነጥብ የሚባል ነገር የለም።

ስታየኝ መጽሐፉን ከኋላዋ ሸሸገችው። “ልቀመጥ?” አልኋት። አሰበችበት። “ቃሉን እንዳትነካ። አንተ ሥዕሉን ብቻ ነው የምትነግረኝ” አለችኝ።

ልጄ፣ ጎንበስ አልሁ። አየሁ፤ የማየው ነገር አልመጣልኝም። “አውቶቡስ አለ። ፍየል አለች” አልሁ። “እሱንማ አውቀዋለሁ! እስቲ አፏን እይ!” አለችኝ። አየሁ። ከፍየሏ አፍ ጥግ ሰማያዊ ወረቀት ብቅ ብሏል። “ትኬቷ ነው! በልታዋለች እኮ!” ብላ በሳቅ ተንከተከተች። ትኬት ነበራት፤ በልታው ነው። ይህ በቃል የትም አልተጻፈም። አርባ ጊዜ ያነበብሁት መጽሐፍ ነው፤ ካርቶኔ የሸፈነው ይህንኑ ነበር።

ለማንም ያልተናገርሁትን ልንገርሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፊደልን በእርሳስ ላይ ተገልብጦ ተቀርጾ ነው ያየሁት። ስንት መጽሐፍ በእጄ አልፏል፤ አንዱ ስለ ምን እንደሚያወራ ብትጠይቂኝ አላውቅም። ስሕተት ፈልግ ተብዬ ነው የኖርሁት። ስሕተት የሌለበት ገጽ ለእኔ ባዶ ገጽ ነበር። ነጥቡን እየጠራሁ ያነበብሁላትም ከዚያ ሌላ አነባበብ ስለማላውቅ ነው፤ ከአራሚው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠን የምናመሳክረው እንደዚያ ነበር።

አሁን ከምሳ በኋላ ሦስታችንም እዚያ እንቀመጣለን። ትናንት ፌንጣ ጣቷን “አልወርድም” ላይ አድርጋ ቆየችና፣ ገጹን ወደ ኋላ ገልጣ “አውቶቡስ” ላይ አሳረፈችው። “አባባ፣ ይሄኛው ያኛው ነው” አለችኝ። አ ናት። ማንም አላስተማራትም። እኔ ዝም አልሁ፤ እንዴት እንደከበደኝ አትጠይቂኝ።

ስለ ክረምቱ ነገርኋት። መጽሐፉን ይዛ ሄደች።

አባትሽ


ነሐሴ 2 ቀን

ለተከበሩ አባቴ፣

ክረምቱ ጉልበትዎን አይንካብኝ። ቅባቱ ሠርቷል፤ ለልብስ ሰፊዋ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

ደብዳቤዎን ይዤው ነው የምዞረው፤ ለመምህርቷ እየተረጎምኩ ነገርኳት። እሷ መነጽሯን አውልቃ አይኗን ስትጠርግ እኔ ደህና ነበርኩ። የተናደድኩት በኋላ፣ ስደውል ነው፤ ንዴቴን ደግሞ ለማን ልናገረው?

ባለፈው ቅዳሜ ከስልክ መደወያው ሱቅ ደወልኩ። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ልብስ ሰፊዋ “እማዬ ናት፣ ነይ” ስትላት ከሩቅ ሰማሁ። ፌንጣ “ቆይ፣ አባባ ገና አልጨረሰም!” አለች። ቆየሁ። አልመጣችም። ስልኩን ዘግቼ ወጣሁ። ዓመት ሙሉ የለመንኩት ይህንኑ አይደል? አገኘሁት። እኔ ግን የለሁበትም። ቀንቼብዎታለሁ፤ ይኸው ተናገርኩት።

ስለዚህ እንዲህ አስቤያለሁ። “ጃንጥላው የሸሸበት ሰውዬ” የሚባል አዲስ መጽሐፍ ሁለት ገዛሁ። አንዱ እዚህ እኔ ዘንድ አለ፤ ሌላው ይኸው። ቀድማችሁ እንዳታነቡት። መስከረም ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ እደውላለሁ። እሷ የራሷን ትይዛለች፣ እኔ የራሴን፤ እኩል እንገልጣለን። ስዕሉን በስልክ ማየት አይቻልም፤ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ከያዝን ግን ይቻላል።

ልጅዎ


መስከረም 22 ቀን

ለልጄ፣

አዲሱ ዓመት ወረቀትሽን የሚያስጨርስ፣ በሩን የሚከፍትልሽ ይሁን።

ክፉውን ላስቀድም። ሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት አልተቀበላትም። ፈታኙ ገበታውን ሰቅሎ “በተራ ጥሪ” አላት። ፌንጣ ሃያ የሚሆኑ ፊደላት ለይታለች፤ የምታውቃቸው ግን ከመጽሐፎቿ ውስጥ ነው እንጂ በተራ አይደለም። ጰን በማስመሪያው ሲነካላት “ይሄ የትኛው ታሪክ ውስጥ ነው ያለው?” ብላ ጠየቀችው። ሳቀባት እንኳ አይባልም፤ “አልበቃችም” ብሎ ጻፈ።

ተናገርሁት። ስለ ጣቷ፣ ስለ አ፣ ስለ ፍየሏ ሁሉ ነገርሁት። “አባት፣ እዚህ ተረት አናስተምርም” አለኝ። ብቆጣ ደስ ባለኝ፤ ግን ማስመሪያ ይዞ ፊቴ የቆመው ሰው የድሮው እኔ ነኝ። አቋሙ ሳይቀር። የምሰድበው ቃል አጣሁለት። ያንን የሠራሁትን ገበታ ባስጠናት ኖሮ ታልፍ ነበር፤ ይህን አልደብቅሽም። ሲያንገበግበኝ ሰነበተ። አሁን ከሐዲዱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ጠዋት እኔ አደርሳታለሁ። ጉልበቴ ያጉረመርማል። እዚያ አንድ ክፍል ውስጥ ሰባ ልጅ አለ፤ መጽሐፍ አንድም የለም።

አሁን ስለ ቅዳሜው። አምስት ገጽ እንዳነበባችሁ መሥመሩ ተቋረጠ። ፌንጣ ግን አላቆመችም። ስልኩን በትከሻዋ ይዛ፣ ጣቷን ከቃሉ ሥር እየጎተተች፣ “ጃ… ጃን… ጃንጥላው” እያለች ቀጠለች። ያላየችው ገጽ ነው፤ ያልሸመደደችው። ልብስ ሰፊዋ መቀሱን አስቀመጠች።

“ልጄ፣ ስልኩ ተቋርጧል” አልኋት።

“አውቃለሁ” አለችኝ። “መጽሐፉ ግን እማዬ እጅ ላይ አለ።”

እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ ሰዓት ፈጀባት። አሁን በየቀኑ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች፤ እኔ ልመልስ አልችልም። መሥመሩ ሲቋረጥ አንቺ ቀጠልሽ ወይስ ዘጋሽው? እውነቱን ጻፊ።

አባትሽ


ጥቅምት 25 ቀን

አባቴ፣

ሰላምታዬ ለሁላችሁም ይድረስ። ከሐዲዱ ጋር ይጠንቀቁልኝ።

እውነቱን ይንገሯት። ዘጋሁት። “ሃሎ፣ ሃሎ” አልኩ፤ ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ ትከሻዬን ነካችኝ፤ መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሰው እስኪያየኝ አለቀስኩ። ከዚያ ስራ ገባሁ። መጽሐፉን እስከ ትናንት አልገለጥኩትም።

ትናንት ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ወጥ ቤቱ ባዶ ነበር። ስድስተኛውን ገጽ ገልጬ ጮክ ብዬ ጀመርኩ። ሰውዬው ጃንጥላውን ጣራ ላይ ያያል። እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። ጨርሼ ቀና ስል አራት ልጆች አገጫቸውን በመስኮቱ ላይ አስደግፈው ያዩኛል። ቋንቋውን አያውቁትም። አንደኛዋ በጣቷ ወደ መጽሐፉ እያሳየች በራሷ ቋንቋ፣ “እንደገና” አለችኝ።

ልጅዎ